መጫወቻ ነው ወይስ ታሪክ? ስለ ትንሹ ባቡር

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ዙፋን፣ ጦርነትና ውል ነው። ከዚያ አለፍ ያልን እንደሆነ ደግሞ የመሬት ይዞታና የእህል ዋጋ። የመጫወቻ ታሪክ ይጻፍ ቢባል ግን ሳቅ ይመጣል። «የሰው ልጅ ስንት ችግር እያለበት ስለ ልጆች ባቡር ታወራለህ እንዴ?» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ልሸሸው አልፈልግም፤ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን መሐንዲሱም፣ ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም ማታ ከሥራ ገብተው ራታቸውን ከበሉ በኋላ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ ምድር ቤት የሌለው ከጣሪያው ሥር ካለችው ክፍል ይወጣል። እዚያ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ከኮምፔንሳቶ፣ ከጀሶ፣ ከካርቶንና ከሰጋቱራ የተሠራ አገር ተዘርግቷል፤ ተራራው፣ ድልድዩ፣ መንደሩ፣ ጣቢያው። በመካከሉ የስንዝር ርዝመት ያላት ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቿን አስከትላ ትሄዳለች። አንድ ሰው ይህን ሥራ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይዞት ሊቆይ ይችላል። ክፍያ የለውም፤ ያዘዘውም የለም። ሥራው ደግሞ አያልቅም። አንዱ ጥግ ሲጠናቀቅ ሌላው ጥግ ያረጃል።

እኔ የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። ትንሹን ባቡር ገዝቶ የሚያዞር ሰው ተጫዋች ነው። ጠረጴዛውን ራሱ የሚሠራው ሰው ግን፣ ወደደም ጠላ፣ የታሪክ ጸሐፊ ይሆናል። እንደ ታሪክ ጸሐፊም እውነት ይናገራል፤ እንደ ታሪክ ጸሐፊም ይዋሻል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ትንሹ ትልቁን ሲቀድም

በእንግሊዝ አገር የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር በ1825፣ የሊቨርፑልና ማንቸስተር መስመር በ1830 ሥራ ጀመሩ። ትልቁ ባቡር በተወለደ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትንሹም ተወለደ። መጀመሪያ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ በገመድ የሚጎተት ነገር ነበር። ኋላ ደግሞ በመንፈስ መብራት ውሃ እያፈላ በእንፋሎት የሚሄድ የናስ ሎኮሞቲቭ መጣ። ይኸኛው ወለሉ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ስለሚሄድ እንግሊዞች «አንጠባጣቢ» የሚል ቅጽል አወጡለት። ሐዲድ የሚባል ነገር የለውም፤ መንገዱ የሳሎኑ ምንጣፍ ነበር። የቤቱ እመቤት ምን ትል እንደነበር መገመት አያቅትም።

ትንሹ ባቡር ግን ሁልጊዜ የትልቁ ጭራ ሆኖ አልመጣም። የጃፓንን ነገር እንመልከት። በ1853 የሩሲያው አድሚራል ፑትያቲን ናጋሳኪ ወደብ ላይ መርከቡን አቁሞ ሳለ፣ ሊጎበኙት ለመጡ ጃፓኖች በአልኮል የምትሠራ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አሳያቸው። በ1854 ደግሞ አሜሪካዊው ኮሞዶር ፔሪ በዮኮሃማ ከመንግሥቱ ስጦታዎች ጋር የእውነተኛው ባቡር ሩብ የምታክል ሎኮሞቲቭ፣ አንዲት ፉርጎና ክብ ሆኖ የሚገጠም ሐዲድ አወረደ። ፉርጎዋ ሰው የምታስገባ አልነበረችም። ቢሆንም የጃፓኑ ባለሥልጣን ይህን ጉድ ሳልቀምስ አልሄድም ብለው ጣሪያዋ ላይ ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸው በነፋስ እየተውለበለበ ክቡን ዞሩ።

ናጋሳኪ ላይ የሩሲያውያኑን ባቡር ካዩት ሰዎች መካከል የሳጋ ግዛት ሰዎች ነበሩበት። እነዚህ ግን አይተው፣ ተደንቀው አልቀሩም። በ1855 ታናካ ሂሳሺጌ የተባለው ብልህ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ታናካ ቀደም ሲል በሞላ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችና እጅግ የተራቀቀ ሰዓት የሠራ ሰው ነው። ጃፓን እውነተኛ የባቡር መስመር የዘረጋችው በ1872 ነው፤ ከሺምባሺ እስከ ዮኮሃማ፣ በእንግሊዝ መሐንዲሶች እርዳታ። ስለዚህ በዚያ አገር ትንሹ ባቡር ትልቁን በአሥራ ሰባት ዓመት ቀደመው። ታናካ በ1875 ቶኪዮ ውስጥ የከፈተው ወርክሾፕ ዛሬ ቶሺባ ከሚባለው ኩባንያ ሥሮች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አየን። አንደኛው ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ዞረ። ሁለተኛው ቤቱ ገብቶ ቦይለሩ እንዴት እንደሚሠራ ራሱን ጠየቀ። ሁለቱም ያዩት አንድ መጫወቻ ነው። ልዩነቱን ያመጣው እጅ ነው።

፪. የቆርቆሮ ሠሪው ብልሃት

ትንሹን ባቡር ወደ ሺህ ቤቶች ያስገባው ግን ንግድ ነው። በጀርመን አገር ጎፒንገን በምትባል ከተማ ቴዎዶር ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሜርክሊን የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ በ1859 ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ ትናንሽ የወጥ ቤት ዕቃዎች መሥራት ጀመረ። ሰውየው በ1866 ሲሞት ሥራውን ይዛ ያቆየችው ሚስቱ ካሮሊን ናት። ልጆቻቸው ከተረከቡት በኋላ በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ በሞላ የሚሄድ ባቡር ስምንት ቁጥር ቅርጽ ካለው ሐዲድ ጋር አቀረቡ።

የሜርክሊኖች ብልሃት ባቡሩ ላይ አይደለም። የአሻንጉሊት ቤት ያላት ልጅ በየዓመቱ አንድ ወንበር፣ አንድ ድስት፣ አንድ አልጋ ትጨምርበታለች። ታዲያ ባቡርስ ለምን እንደዚሁ አይሆንም? ዘንድሮ ሎኮሞቲቭና ክብ ሐዲድ፤ ለከርሞ ጣቢያ፤ ከዚያ ድልድይ፤ ከዚያ ሁለት ፉርጎ። ይህ እንዲሆን ግን የዘንድሮው ሐዲድ ከከርሞው ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ የሐዲዱን ስፋት በቁጥር ደልድለው አወጡ። ቁጥር አንድ 45 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ኋላ ከእሱ ያነሰ ሲያስፈልግ ዜሮ ተባለ፤ 32 ሚሊ ሜትር። በኋላም ዜሮው ተከፍሎ «ግማሽ ዜሮ» መጣ፤ 16.5 ሚሊ ሜትር። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ይኸው ግማሽ ዜሮ ነው። እውነተኛውን ባቡር ለ87 ያካፍለዋል።

አሜሪካኖችም ወደኋላ አልቀሩም። ጆሹዋ ላዮኔል ካወን በ1900 ኩባንያውን አቋቁሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ሲሠራ ሐሳቡ ለሱቅ መስኮት ማሳመሪያ እንዲሆን ነበር። ገበያተኛው ግን በመስኮቱ ውስጥ የተደረደረውን ዕቃ ትቶ ባቡሩን ልግዛ አለ። በእንግሊዝ ደግሞ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 ባቡሮቹን ለገበያ አወጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ዕቃ በእንግሊዝ ገበያ የተጠላበት ጊዜ ስለነበር ንግዱ ቀናው። አያችሁ፣ የልጆች መጫወቻም ቢሆን ከጦርነቱ አላመለጠም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሻጭና የገዥ ታሪክ ነው። አባት ይገዛል፤ ልጅ ያዞራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ለልጁ ገዛሁ ብሎ አባትየው ራሱ ያዞራል።

፫. መለኪያው ሲመጣ

ነገሩ የተለወጠው በ1930ዎቹ ነው። «ይህ እኮ ባቡር አይመስልም» የሚሉ አዋቂዎች በዙ። ጎማው ከሚገባው በላይ ወፍራም፣ ቀለሙ የከረሜላ፣ ጣቢያው ከሎኮሞቲቩ ያነሰ። እነዚህ ሰዎች መግዛቱን ሳይተዉ መሥራት ጀመሩ። በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ አል ካልምባክ በጥር 1934 «ሞዴል ሬልሮደር» የሚባለውን መጽሔት አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በ1935 በዚያው ከተማ የአገሪቱ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ መጀመሪያ የያዘው ሥራ ግብዣና ስብሰባ እንዳይመስላችሁ፤ መለኪያ ማውጣት ነው። ያን ጊዜ የአንዱ ፋብሪካ ጎማ በሌላው ፋብሪካ ሐዲድ ላይ አይሄድም ነበር። ማኅበሩ የጎማውን ውፍረት፣ የሐዲዱን ስፋት፣ የመቀየሪያውን ክፍተት ወስኖ ሲያወጣ ጎረቤት ከጎረቤት ባቡር መዋዋስ ቻለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሏል ይሄ ነው።

መለኪያው ከተበላሸ ምን እንደሚሆን ደግሞ እንግሊዞች ያስተምሩናል። የእንግሊዝ ባቡር ከአህጉሩ ባቡር ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ ለ87 ከተካፈለ የዚያን ጊዜው ሞተር አልገባበት አለ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ባቡሩን ከፍ አድርገው ለ76 አካፈሉት፤ ሐዲዱን ግን በ16.5 ሚሊ ሜትር ተዉት። እንደ ሒሳቡ 19 ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይገባው ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙው የእንግሊዝ ትንሽ ባቡር ለእሱ በማይበቃ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ትልቅ ሰው የልጅ ጫማ እንዳደረገ ዓይነት። ይህን ያልታገሡ ሰዎች ተነሥተው ሐዲዱን በ18.83 ሚሊ ሜትር ልክ በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። የሚሊ ሜትር መቶኛ ይዞ መከራከር እብደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቃል አነባበብ ሦስት ሰዓት የምንከራከር እኛ ልንስቅባቸው አይገባንም።

መለካት ሲጀመር ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። አገር ጠረጴዛ ላይ አይበቃም! ቀላል ሒሳብ ሥሩ። እውነተኛ ባቡር 300 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ የሚዞር ከሆነ፣ ለ87 ሲካፈል ሦስት ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። በተራ ሰው ቤት ውስጥ ግማሽ ሜትር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው መስመራችን 784 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለ87 አካፍሉት፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ጊዜም እንደዚሁ አይበቃም። በጠረጴዛው ላይ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ግማሽ ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ብዙዎቹ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ሰዓት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ሙሉው ቀን በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ያልፋል።

እንግዲህ ሠሪው መምረጥ አለበት። የትኛው ጣቢያ ይግባ? የትኛው ይቅር? የትኛው ዓመት ይሁን? ከአሥር ቤት የትኞቹ ሦስቱ መንደሩን ያስታውሱታል? የታሪክ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ሺህ ሰነድ አንብበን ሃያ ገጽ ስንጽፍ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

፬. ከጠረጴዛው በታች

ከጠረጴዛው በታች ደግሞ ሌላ ዓለም አለ፤ የሽቦ ዓለም። ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ እንዳይጋጭ፣ ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይቆራረጥና ለእያንዳንዱ ክፍል ኤሌክትሪኩ ለብቻው ይሰጣል። ጠረጴዛው ሲሰፋ ሽቦው የሸረሪት ድር ይሆናል።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም አይ ቲ የሚባለው፣ በ1946 ግድም የተቋቋመ የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ አለ። ቤታቸው «ሕንፃ 20» ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር ምርምር በ1943 በጥድፊያ የተሠራና በ1998 የፈረሰ የእንጨት ሕንፃ። የክበቡ ልጆች ሁለት ወገን ነበሩ። አንዱ ወገን ከላይ ሆኖ ቀለም ይቀባል፣ ዛፍ ይተክላል። ሌላው ወገን ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ከስልክ ኩባንያ በእርዳታ በተገኘ ሪሌይና መቀየሪያ የባቡሮቹን መንገድ የሚያዝ መሣሪያ ይሠራል። ይህ የታችኛው ወገን የራሱ ቋንቋ ነበረው። በ1959 ከመካከላቸው ፒተር ሳምሰን የክበቡን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው «ሀክ» የሚለው ቃል በኮምፒዩተር ትርጉሙ የተስፋፋው ከነዚህ ልጆች ነው። በእነሱ አፍ የወንበዴ ሥራ ማለት አልነበረም፤ ከጥቅሙ ይልቅ ለሥራው ደስታ ተብሎ የሚሠራ ብልሃት ማለት ነበር።

ሪሌይ ይከፈታል ወይም ይዘጋል፤ ሌላ የለም። ኮምፒዩተርም በመሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ተቋሙ ኮምፒዩተር ሲያገኝ ከሁሉ ቀድመው ሌሊት ሌሊት የገቡበት ከጠረጴዛው ሥር የወጡት ልጆች ናቸው። በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ «ስፔስዎር» የተባለውን ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱን ሠሩ። መጫወቻ ማዘዣ ሳጥኖቹ የተገጣጠሙት ከባቡር ክበቡ በተገኘ ዕቃ ነበር። «ጥቅሙ ምንድን ነው?» ላለኝ ጓደኛዬ አንደኛው መልስ ይኸው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህን መልስ ብዙም አልወደውም። የትንሹን ባቡር ዋጋ በሌላ ነገር ጥቅም መመዘን ነውና። የሚቀጥለው መልስ ይሻላል።

፭. ከጠረጴዛው በላይ

ሮይ ኢንግላንድ የሚባል ወጣት በ1925 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ አገር መጣ። በኦክስፎርድ አቅራቢያ «የነጩ ፈረስ ሸለቆ» የሚባል ገጠር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከጥንት ዘመን ጀምሮ በኮረብታው ነጭ አፈር ላይ ተቀርጾ ከሚታየው ትልቅ ፈረስ ነው። ኢንግላንድ በዚህ ሸለቆ ሲዘዋወር አንድ ነገር ልቡን ነካው። የሣር ክዳን ያላቸው የድሮ ጎጆዎች አንድ በአንድ ይፈርሳሉ፤ ያልፈረሱትም ክዳናቸው ተነሥቶ በፋብሪካ ዕቃ ይተካል። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የድሃ ገበሬ ቤት ማን ይመዘግባል? ቤተ መንግሥት አይደል፣ ካቴድራል አይደል።

እሱ ግን በ1930ዎቹ ሜትሩንና ፎቶግራፍ ማንሻውን ይዞ ተነሣ። የበሩን ቁመት፣ የጡቡን ረድፍ፣ የጭስ መውጫውን ቅርጽ፣ በአጥሩ ሥር የበቀለውን አበባ ሳይቀር መዘገበ። ከዚያ ለ76 እያካፈለ ከካርቶን ቆርጦ በውሃ ቀለም መሥራት ጀመረ። ለሣር ክዳኑ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የቃጫ ክር ተጠቀመ። አንዲቱ ጎጆ ብዙ መቶ ሰዓት ትፈጃለች። በ1954 ሎንግ ዊተንሃም በምትባል መንደር አንድ የቆየ መጠጥ ቤት ይዞ ሙዚየም አደረገው፤ ፔንደን ይባላል። ሌሎች ሰዎችም በበጎ ፈቃድ ተጨመሩ። እሱ በ1995 ሲሞት ሥራው አላለቀም፤ ዛሬም የሚቀጥሉት አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን ልብ በሉ። የፔንደን ጠረጴዛ ባቡር ይሄድበታል፤ ባቡሩ ግን የመጣው ገጠሩን ለማሳየት ነው። ጎጆዎቹ ፈርሰዋል፤ የጎጆዎቹ ምስል ግን አለ። ያለ ኢንግላንድ ሜትር የአንዳንዶቹን ልክ ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር። ታዲያ ይህ መጫወቻ ነው ወይስ ሰነድ? እኔ ሰነድ ነው እላለሁ። እንዲያውም ብዙ የታሪክ መጽሐፍ የበሩን ቁመት አይነግርህም።

ነገር ግን ሰነድም ይጠፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ በምትባል ከተማ ጆን አለን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተራራ የሚያቆም፣ በመስተዋት ክፍሉን ሁለት እጥፍ የሚያሳይ፣ አዲሱን ፉርጎ ዝናብና ዝገት እንደመታው አድርጎ ማርጀትን ለብዙዎች ያስተማረ ሰው ነው። ያረጀ ነገር ማሳየት ማለት ጊዜን ማሳየት ነው፤ ከሱ በፊት ብዙው ትንሽ ባቡር ሁልጊዜ ከሳጥን እንደወጣ ነበር። አለን በጥር 1973 ሞተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ያን ሁሉ ሥራ አወደመው። በአብዛኛው የቀረው ፎቶግራፉ ነው። እውነተኛው ተራራ በእሳት አያልቅም፤ የጀሶው ያልቃል።

፮. ጠረጴዛው የሚደብቀው

እስካሁን ሳመሰግን ቆየሁ። አሁን ደግሞ ወደ ክሱ ልሂድ።

በጠረጴዛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በጋ ነው። ሰማዩ የጠራ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ሰዎቹ ሻንጣ ይዘው የቆሙ። ሐዲዱን የቆፈረው ሰው ግን የለም። በ1869 የተገናኘውን የአሜሪካ አቋራጭ መስመር ምዕራባዊ ክፍል በበረዶ ተራራ ውስጥ የሰረሰሩት በሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ናቸው። በስንቱ ጠረጴዛ ላይ ይታያሉ? ሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ብሎን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ግን ግማሽ ነው።

ከዚህ የሚከብድ አለ። የአውሮፓ ሞዴል ሠሪዎች የባቡርን ታሪክ በዘመን በዘመን ከፍለው ቁጥር ሰጥተውታል። ደንበኛው «የሦስተኛው ዘመን ሎኮሞቲቭ፣ የአራተኛው ዘመን ፉርጎ» እያለ ይገዛል። ሁለተኛው ዘመን የሚባለው ከ1920ዎቹ እስከ 1945 ያለው ነው። ለጀርመን ባቡር ይህ ዘመን ማለት ምን ማለት ነው? በዚህ ዘመን ውስጥ ነው የጀርመን መንግሥት ባቡር አይሁዶችንና ሌሎችን በሕዝብ ብዛት በተዘጋ የጭነት ፉርጎ እያጎረ ወደ መግደያ ካምፖች ያመላለሰው። ያ የተዘጋ ቡናማ ፉርጎ ዛሬ ለ87 ተካፍሎ፣ ቁጥሩ በጥንቃቄ ተጽፎበት በሱቅ ይሸጣል። ከእህልና ከድንች ጋር ጠረጴዛው ላይ ይዞራል።

ሻጩን ልኮንን አይደለም፤ ፉርጎው እህልም ጭኗልና። የማነሣው ጥያቄ የሠሪው ነው። አንድን ዓመት ከመረጥክ የዚያን ዓመት ውበት ብቻ መምረጥ ትችላለህን? መልሱ፣ በጠረጴዛ ላይ ትችላለህ ነው። የሚያስፈራውም ይህ ነው። ብሎኑን የማይሳሳት ሰው ሰውን ሊረሳ ይችላል። የዝርዝር ትክክለኛነት የእውነት ማስረጃ አይደለም፤ ይህ ለሞዴል ሠሪ ብቻ ሳይሆን ዓመተ ምሕረት ሸምድዶ ለሚፈተን ተማሪም የተነገረ ነው።

፯. ለእኛስ?

የእኛ አገር ባቡር ትልቁ ብቻ የነበረ ነው። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋንም ፈጠራት። ከዚያ ገንዘብ አልቆ፣ የመንግሥታት ሽኩቻ ተጨምሮበት ቆይቶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ለ87 ቢካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል፤ በዓለም ገበያ ያለው የ12 ሚሊ ሜትር ትንሽ ሐዲድ ይበቃዋል። በ2016 ደግሞ አዲሱ ሰፊ ሐዲድ ሌላ መንገድና ሌላ ጣቢያ ይዞ መጣ፤ በአሮጌው መስመር አዲስ አበባ የሚገባ ባቡር ግን ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር። የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» በአፋችን ለገሃር ሆኖ ቀረ፤ ባቡሩ ሄደ፣ ስሙ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሮይ ኢንግላንድ በሸለቆው ያየው ነገር እኛም ዘንድ አለ። የድሮ ጣቢያዎች፣ የጠባቂ ቤቶች፣ የውሃ ጋኖች፣ የድሬዳዋ ጋራዥና ውስጡ የቆሙት ሎኮሞቲቮች ዛሬ ቢለኩ ይለካሉ፤ ነገ እንጃ። ለመለካት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሜትር፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ካርቶንና ኮላ ይበቃል። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ክረምት፣ አምስት ተማሪ። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞችም አሉ፤ «አባባ፣ ይሄ ክፍል የማን ነበር? ይሄኛው በር ለምን ተዘጋ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራው ሲጀመር ሜትሩ የማይደርስበትን እነሱ ይነግሩናል።

የሚከብደው ግን ካርቶኑ አይደለም፤ ያው የምርጫው ጥያቄ ነው። ለገሃርን ጠረጴዛ ላይ እንሥራ ብንል የትኛውን ዓመት እናቆማለን? ባቡሩ መጀመሪያ የገባበትን 1917ን? ንጉሠ ነገሥቱ ጣልያን ሊገባ ቀናት ሲቀሩት በሌሊት ባቡር ወደ ጅቡቲ የሄዱበትን ሜይ 1936ን? በጦርነቱ መስመሩ የተቋረጠበትን 1977ን? ወይስ ባቡር የሌለበትን፣ ሣር የበቀለበትን ሐዲድ? ዓመቱንስ ከመረጥን በኋላ መድረኩ ላይ ማንን እናቆማለን? የክብር ዘበኛውን ብቻ ወይስ ሐዲዱን የዘረጉትን የሶማሌ፣ የዓረብና የኢትዮጵያ ቀን ሠራተኞች ጭምር? ቆሎና ሎሚ ይዛ በመስኮት ሥር የምትሮጠውን ልጅስ?

በወረቀት ላይ ሲሆን «ወዘተ» ብለን እናልፋለን። በጠረጴዛ ላይ ግን «ወዘተ» የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ወይ ቆሟል፣ ወይ የለም። እንግዲህ መጫወቻ ነው ያለኝ ጓደኛዬ ይምጣና የመጀመሪያውን ሰው ያቁም። የት እንደሚያቆመው ሲያስብ የሚያሳልፈው ጊዜ የታሪክ ትምህርት ካልሆነ፣ እኔ ሌላ የታሪክ ትምህርት አላውቅም።